የምላጩ አባት፤ የኪንግ ካምፕ ጂሌት ሕይወት

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው በማቻከል ወረዳ ከምትገኘው ከአማኑኤል ከተማ ሲደርስ፣ ከትንንሾቹ ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ ቢል፣ ከክብሪቱ፣ ከሻማው፣ ከሳሙናውና ከባትሪ ድንጋዩ ጎን በቀጭን ወረቀት የተጠቀለለ ምላጭ አያጣም። ምላጩ ለጺም ብቻ የሚፈለግ አይደለም። ልብስ ሰፊው ያልወደደውን ስፌት ይተረትርበታል፤ ተማሪው እርሳሱን ይቀርጽበታል፤ እናት የልጇን ጥፍር ትከረክምበታለች፤ የሕፃኑም ራስ ዙሪያውን ተላጭቶ ቁንጮው የሚቀረው በዚሁ ነው። ዕቃው ከዕለት ኑሯችን ጋር ተዋሕዶ እጅግ ተራ ከመሆኑ የተነሣ፣ አንድ ሰው ያሰበው፣ ሌላ ሰው ደግሞ የለፋበት የምሕንድስና ሥራ መሆኑ ለማንም ትዝ አይለውም።

ስሙ ግን ከዕቃው ይቀድማል። ምላጭ የሚለው ቃል ላጨ ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ አንጥረኛው ከብረት እየቀጠቀጠ፣ በድንጋይ እየሳለ ይሠራው ለነበረው ስለት ሲነገር የኖረ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣችው ስስ ብረት ያንን ነባር ስም ወረሰች እንጂ አዲስ ስም አላስፈለጋትም።

በቅርብ ዓመታት በባልደረቦቻችን መካከል ስለ ጺም አላላጭ የሚነሣ ክርክር አለ። ሁለት፣ ሦስት ወይም አምስት ስለቶች በአንድ የፕላስቲክ ራስ ላይ ተደርድረው የሚገኙበትን መላጫ፣ ማለትም ካርትሪጅ የሚባለውን፣ ሲጠቀሙ ከኖሩት መካከል አንዳንዶች ወደ አሮጌው የብረት መላጫና ወደ አንዲቱ ምላጭ ተመልሰዋል። ከፊሎቹ ወጪውን፣ ከፊሎቹ ደግሞ ከተላጩ በኋላ በአንገታቸው ላይ የሚወጣውን ሽፍታ ምክንያት ያደርጋሉ። የዚህን መመለስ ትርጉም ለመረዳት ከዕቃው አስቀድሞ የሰውየውን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል ብዬ ስላመንሁ፣ ለዘንድሮው መጽሔታችን የኪንግ ካምፕ ጂሌትን ሕይወት መርጫለሁ። ዘመኖቹ ሁሉ የተሰጡት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጂሌት የተወለደው ጃንዋሪ 5 ቀን 1855 በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን ግዛት ፎን ዱ ላክ በተባለች ከተማ ነው። ዘመኑን ለማመልከት ያህል፣ ከወር ጥቂት አለፍ ብሎ ደጃዝማች ካሣ በደረስጌ ማርያም ዓፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጭነዋል። ኪንግ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ንጉሥ ማለት ቢሆንም በእሱ ላይ ማዕረግ አይደለም፤ መጠሪያ ስሙ ነው። እናቱ ፋኒ ሌሚራ ጂሌት በ1887 የታተመውንና ለብዙ ዓመታት በአሜሪካ ቤቶች ሲሠራበት የኖረውን፣ በዋይት ሐውስ ስም የተሰየመውን የምግብ አሠራር መጽሐፍ ያዘጋጀች ብርቱ ሴት ነበረች። አባቱም ወንድሞቹም ዕቃ መፈታታትና አዲስ ነገር መሞከር የሚወዱ ሰዎች ነበሩ።

ቤተሰቡ ወደ ቺካጎ ከተዛወረ በኋላ በ1871 ከተማይቱን ያነደደው ታላቅ ቃጠሎ የአባቱን ንግድ አወደመው። ኪንግ ያን ጊዜ የ16 ዓመት ወጣት ነበር። ከዚያ ወዲህ እንጀራው መንገድ ሆነ። የተለያዩ ድርጅቶችን ዕቃ በሻንጣ ይዞ፣ በባቡር ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ የሚሸጥ ሠራተኛ ሆኖ ዓመታት አሳለፈ። በጎን አንዳንድ ጥቃቅን ፈጠራዎችን አስመዝግቦ ፓተንት ቢያገኝም፣ ሀብት ያስገኘለት አልነበረም። ይህ የመንገድ ኑሮ ግን ሁለት ነገር አስተምሮታል፤ አንደኛው ሰው ምን እንደሚገዛ፣ ሁለተኛው በየከተማው ስንት ሱቅ አንድ ዓይነት ዕቃ ይዞ እርስ በርሱ እንደሚራኮት። የመጀመሪያው ባለጠጋ አደረገው፤ ሁለተኛው ደግሞ እስከ ዕለተ ሞቱ እንቅልፍ የነሣውን ሕልም ሰጠው።

በ1890ዎቹ መጀመሪያ ጂሌት የተቀጠረበትን ድርጅት እኛም በሥራው እናውቀዋለን። ባለቤቱ ዊልያም ፔይንተር የተባለ የባልቲሞር ሰው ሲሆን፣ በ1892 ፓተንት ያገኘበት ፈጠራው የለስላሳና የቢራ ጠርሙስ የምንዘጋበት ጥርሳሙ ቆርኪ ነው። ፔይንተር ከሠራተኛው ጋር ወዳጅነት ስለ ነበረው አንድ ምክር ሰጠው። ምክሩም፣ ሰዎች አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት፣ ከጣሉትም በኋላ ሌላ ለመግዛት ተመልሰው የሚመጡበት ዕቃ ይፈልግ ዘንድ ነበር። ቆርኪ እንዲህ ያለ ዕቃ ነው፤ ጠርሙሱ ይመለሳል፤ ቆርኪው ይወድቃል። ጂሌት ምክሩን በልቡ ይዞ ፊደል በፊደል የዕቃ ስም እየዘረዘረ ሲያስብ ቆየ፤ ለጊዜው ግን የሚሆን ነገር አላገኘም።

ምላጩን ከማሰቡ በፊት ያሰበው ሌላ ነገር ነበር፤ ይኸውም አዲስ ዓለም። በ1894 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የችግር ሁሉ ሥር ውድድር መሆኑን ገልጾ፣ አገሪቱ የምትፈልገውን ሁሉ የሚያመርትና የሚያከፋፍል፣ ባለአክሲዮኖቹ ሕዝቡ ራሱ የሚሆኑበት አንድ ታላቅ ኩባንያ እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረበ። ሕዝቡም በኒያጋራ ፏፏቴ አቅራቢያ በሚሠራ፣ ሜትሮፖሊስ በተባለ አንድ ግዙፍ ከተማ ውስጥ እንዲሰበሰብ አሰበ። በመጽሐፉ ውስጥ የሕንፃዎቹን ንድፍ፣ የመንገዶቹን አሰላለፍና የምግብ ቤቶቹን አደረጃጀት ሳይቀር አስቀምጦ ነበር። ኃይሉ ከፏፏቴው ይገኛል። እንደ ቅዠት የሚቈጥሩት አልጠፉም። እኔ ግን በመሐንዲስ ዓይን ስመለከተው የኃይሉ ነገር ከንቱ አልነበረም እላለሁ፤ መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ፣ በ1895፣ የኒያጋራ ውኃ በታላቅ ጣቢያ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ጀምሯልና። ከንቱ የነበረው፣ በሚሊዮን የሚቈጠር ሰው ከቀየው ተነሥቶ በአንድ ንድፍ ውስጥ ይኖራል ብሎ ማሰቡ ነው።

በ1895 አንድ ጠዋት፣ በማሳቹሴትስ ብሩክላይን በተባለው ቦታ በቤቱ ጺሙን ሊላጭ ሲል ስለቱ ዶለዶመበት። የዚያን ጊዜው መላጫ ካራ የሚመስል፣ ጀርባው ወፍራም፣ አፉ ስስ የሆነ፣ ከአንድ ወፍራም አረብ ብረት ተቀጥቅጦ የሚሠራ ረጅም ስለት ነበር። በየጊዜው በቆዳ ጠፍር ላይ ይፋተጋል፤ ጠፍሩ የማይመልሰው ደረጃ ላይ ሲደርስ ደግሞ ወደ ሳይ ይላካል። የጂሌትም ስለት እዚህ ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። በዚያች ሰዓት የመጣለት ሐሳብ እንዲህ ነው፤ ጺሙን የሚቈርጠው አፉ ብቻ ከሆነ ያን ሁሉ ወፍራም ብረት በስለቱ ጀርባ መሸከም ለምን ያስፈልጋል? ስለቱ ስስ የአረብ ብረት ወረቀት ይሁን፤ ሁለቱም ጠርዙ ይሳል፤ ጥንካሬውን ከመያዣው ያግኝ፤ ሲዶለዱም ይጣል። ያን ዕለት ወደ ዕቃ መሸጫ ወርዶ የነሐስ ቍራጭ፣ ለሰዓት ሞላ የሚሆን ጥብጣብ ብረትና ሞረድ ገዝቶ ተመለሰ፤ ርቃ ለነበረችው ባለቤቱም ሀብታቸው እንደ ተገኘ የሚያበሥር ደብዳቤ ጻፈ።

እዚህ ላይ ፍርድ ማስተካከል ተገቢ ነው። ቆዳን ከመቈረጥ የሚጠብቅ መላጫ በማሰብ ጂሌት የመጀመሪያው አይደለም። ዣን ዣክ ፔሬ የተባለ ፈረንሳዊ ስለት ሠሪ በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ በስለቱ ላይ ከእንጨት የተሠራ መከታ ገጥሞ ጠርዙ ብቻ ብቅ እንዲል አድርጓል። በኒውዮርክ የነበሩት የካምፕፌ ወንድማማቾችም በ1880 እንደ መኰትኰቻ እጀታው ከስለቱ ጋር ቀጥ ብሎ የሚገጠም መላጫ አስመዝግበዋል። በእነዚህ ሁሉ ላይ ግን ስለቱ ያው የተቀጠቀጠው ወፍራም ብረት ስለ ነበረ መሳሉና መፋተጉ አልቀረም። የጂሌት አዲስ ነገር መከታው ሳይሆን የስለቱ ስስነትና ርካሽነት ነው።

ሐሳቡ ቀላል፣ ሥራው ግን ከባድ ነበር። ጂሌት የሻጭ እንጂ የብረት ሠራተኛ ዕውቀት አልነበረውም። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ስቲቨን ፖርተር በተባለ ሜካኒክ እጅ ናሙና እያሠራ፣ ባለሙያዎችን ሲጠይቅ ቆየ። ብረት አዋቂዎቹም ስስ ብረት ጺም የሚላጭ ስለት ሊይዝ እንደማይችል እየነገሩ አሰናበቱት። ኋላ ላይ እሱ ራሱ የቴክኒክ ትምህርት ቢኖረኝ ኖሮ በጅምሩ ተስፋ እቈርጥ ነበር እስከማለት ደርሷል። ይህን አባባሉን ሰዎች በተማረው ላይ ለማላገጥ ይጠቅሱታል፤ እኔ ግን የታሪኩን ግማሽ ብቻ የሚናገር ሆኖ አገኘዋለሁ። ባለሙያዎቹ የተናገሩት ችግር የእውነት ችግር ነበርና።

ችግሩ ይህ ነው። አረብ ብረት ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ስለትም የሚይዘው ከዚህ በኋላ ነው። ወፍራም ብረት በዚህ ጊዜ ቅርጹን ብዙም ሳይለቅ ይቀራል። ውፍረቱ 0.15 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ብረት ግን ሲቀዘቅዝ እንደ ደረቀ ቅጠል ይጨማደዳል። የተጨማደደ ብረት በመሳያ ድንጋይ ላይ እኩል አያርፍም፤ እኩል ያልተሳለ ጠርዝ ደግሞ ይቧጥጣል እንጂ አይላጭም። በዚህ ላይ የአንድ ዝርግ ብረት መታጠፍን የመቋቋም አቅም ከውፍረቱ ሦስተኛ ኃይል ጋር ስለሚሄድ፣ ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ አቅሙ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ጠንካራ ጺም ሲገጥመው ይርገበገባል ማለት ነው።

ይህን የፈታው ዊልያም ኤመሪ ኒከርሰን ነው። ኒከርሰን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተማረ መሐንዲስ ሲሆን፣ ለኤሌክትሪክ አምፖልና ለአሳንሰር የሚሆኑ መሣሪያዎችን በመሥራት ልምድ ያካበተ ሰው ነበር። በ1901 ወዳጆች ሐሳቡን ባቀረቡለት ጊዜ መጀመሪያ ፈቃደኛ አልሆነም። ጥቂት ሳምንታት ካሰበበት በኋላ ግን ሥራው እንደሚቻል፣ ነገር ግን ማጠንከሪያውም መሳያውም መሣሪያ እንደ አዲስ መፈጠር እንዳለበት አስታወቀ። ስለቶቹን በዝርግ ብረቶች መካከል አጥብቆ ይዞ በማጋልና በማቀዝቀዝ እንዳይጨማደዱ አደረገ፤ ሁለቱንም ጠርዝ በእኩል ማዕዘን የሚስሉ ማሽኖችም ነደፈ። መያዣውም የስለቱን ድካም እንዲሸፍን ተደረገ። የእጀታው ብሎን ሲጠብቅ ስለቱ በጉብጉቡ ክዳን ሥር ቀስት ሆኖ ይታጠፋል፤ ዝርግ ሳለ የሚርገበገበው ብረት ሲጐብጥ ጸንቶ ይቆማል። ክዳን የተሠራበትን የቆርቆሮ ሞገድ ያየ ሰው ምሥጢሩን ሳይነገረው ያውቀዋል።

ኩባንያው በሴፕቴምበር 1901 በቦስተን ተቋቋመ፤ በዓመቱም የጂሌትን ስም ያዘ። የኒከርሰን ስም ለመላጫ አልተመቸም፤ የስሙ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ከትንሽ ቍርጠት ጋር አንድ ድምፅ አለውና። ስለዚህ በጥቅሉ ላይ የጂሌት ባለ ሪዝ ፊትና ፊርማ ታተመ፤ ያ ፊትም በዓለም ላይ ከታወቁት ፊቶች አንዱ ሆነ። የመሐንዲሱን ፊት ያየ ግን ጥቂት ነው። በ1903 ሽያጭ ሲጀመር በዓመቱ ውስጥ የተሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የተሸጠው መላጫ ከ90 ሺህ በለጠ። ፓተንቱም ኖቬምበር 15 ቀን 1904 በቍጥር 775134 ተሰጠ።

ሀብቱ በቶሎ ለጂሌት እጅ አልገባም። ገንዘብ ያበደረው ጆን ጆይስ የተባለ የቦስተን ነጋዴ ብዙውን አክሲዮን ይዞ ስለ ነበረ፣ ጂሌት የኩባንያው ፕሬዚዳንት እየተባለ የቆርኪውን ድርጅት ደመወዝ መጠበቅ ግድ ሆኖበት ለዚያው ሥራ ወደ ለንደን ተልኮ ነበር። የውጭ አገሩን የማምረት መብት ኩባንያው ለሌሎች ሊሸጥ መሆኑን በሰማ ጊዜ ተመልሶ ተከራከረና አስቀረው። ይህ አንድ ውሳኔ ኩባንያውን ዓለም አቀፍ አደረገው። ከጆይስ ጋር የነበረው ሽኩቻ ግን አልበረደም፤ በ1910 ገደማም ጂሌት ከአክሲዮኑ አብዛኛውን ሸጦ ከሥራ አመራሩ ራቀ፤ የፕሬዚዳንትነት ስሙ ብቻ ቀረለት።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ደግሞ ማንም ማስታወቂያ የማይሠራውን ሠራ። የአሜሪካ ጦር በአውሮፓ ሲሰለፍ መንግሥት 3.5 ሚሊዮን መላጫና 32 ሚሊዮን ምላጭ ለወታደሮቹ ገዛ። በመርዝ ጋዝ ዘመን የጋዝ ጭምብል በተላጨ ፊት ላይ በይበልጥ ስለሚጣበቅ፣ መላጨት ከጌጥ አልፎ የሕይወት ጕዳይ ሆኖ ነበር። ወታደሩም ወደ አገሩ ሲመለስ መላጫውን ይዞ፣ በየቀኑ በገዛ እጁ የመላጨትን ልማድም አብሮ አስገባ። ወደ ፀጕር አስተካካይ ሄዶ መላጨት ከዚያ ወዲህ ቀነሰ።

ስለ ጂሌት በንግድ ትምህርት ቤቶች ሲነገር የሚሰማ አንድ ወሬ አለ፤ መላጫውን በነጻ ያህል ሰጥቶ ትርፉን በምላጩ ያገኝ ነበር የሚል። ዘመኑን ተከትሎ የመረመረ ሰው ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን ያገኛል። ፓተንቱ በጸናበት ዘመን ሁሉ መላጫው በ5 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ይህም በዚያን ጊዜ የሠራተኛ የበርካታ ቀናት ደመወዝ ነው። ሌሎች ኩባንያዎች በ1 ዶላርና ከዚያ ባነሰ ሲሸጡ እንኳ ዋጋውን አልቀነሰም። የቀነሰው ፓተንቱ ባበቃበት በ1921 ነው፤ የቆየውን ዓይነት በ1 ዶላር አቀረበ። በዚያው ዘመን የምላጩ ቅርጽ የማንም ንብረት መሆኑ ቀረ። ብረትና ማሽን ያለው ሁሉ፣ በየትኛውም አገር፣ በዚያ መላጫ ላይ የሚገጥም ምላጭ ለመሥራት ተፈቀደለት። በእኔ አስተያየት የጂሌት ሥራ ለሰፊው ሕዝብ የተረፈው ከዚህች ዓመት ጀምሮ ነው፤ እሱ ግን ይህን እንደ ጥፋት እንጂ እንደ በረከት አላየውም።

የሚያስገርመው በዚህ ሁሉ መካከል አዲሱን ዓለም አለመርሳቱ ነው። በ1910 የዓለም ኮርፖሬሽን የሚል መጽሐፍ አሳትሞ ድርጅቱን በአሪዞና አስመዘገበ፤ ቴዎዶር ሩዝቬልት ፕሬዚዳንት ይሆኑለት ዘንድም አንድ ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ጠየቀ። ሩዝቬልት አልተቀበሉትም። በ1924 ደግሞ በደራሲው በአፕተን ሲንክሌር ረዳትነት የሕዝብ ኮርፖሬሽን የሚል ሌላ መጽሐፍ አወጣ። ሀብታም ከሆነ በኋላ ውድድርን መንቀፉን ያልተወ ሰው ብርቅ ነው፤ ስለዚህም እንደ አስመሳይ ልቈጥረው አልችልም። ነገር ግን አንድ ኩባንያ ዓለምን ሁሉ ያቅፋል ብሎ ይሰብክ የነበረው ሰው፣ ሥራው ዓለምን ያቀፈው ቅርጹ ከአንድ ኩባንያ እጅ ሲወጣ ነው።

መጨረሻው አሳዛኝ ነው። በካሊፎርኒያ መሬትና ቤት ላይ ብዙ ገንዘብ አፍስሶ ሳለ የ1929 የአክሲዮን ገበያ ውድቀት ደረሰ። በ1930 ኩባንያው ሄንሪ ጌይስማን ከተባለ ተወዳዳሪ ጋር በአዲስ ምላጭ ቅርጽ ተከራክሮ፣ ክርክሩ በውሕደት ተፈታ፤ የጌይስማን ሰዎች መዝገቡን ሲመረምሩም የኩባንያው ትርፍ ለዓመታት ከእውነቱ በላይ ሲነገር መኖሩ ተገለጠ። የአክሲዮኑ ዋጋ አሽቈለቈለ። ኒከርሰን በዚያው ዓመት ሞተ። ጂሌት በ1931 የፕሬዚዳንትነቱን ስም ለቀቀ፤ በጁላይ 1932 በ77 ዓመቱ፣ ሀብቱ ተመናምኖ፣ በሎስ አንጀለስ አረፈ።

ከእሱ ሞት በኋላ ምላጩ ላይ የተደረገው ትልቅ ለውጥ የብረቱ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዙ ሰይፍ ሠሪ ዊልኪንሰን የማይዝግ ምላጭ አወጣ፤ የዛገ ምላጭ መጣል የዕለት ሥራ መሆኑ ቀረ። የጂሌት ኩባንያ በዚህ ተቀድሞ ነበር። ከዚህ በኋላ በ1971 ሁለት ስለት ያለውን ካርትሪጅ፣ በ1998 ባለ ሦስቱን፣ በ2006 ባለ አምስቱን አወጣ። የራሱና የእጀታው መጋጠሚያ በየጊዜው በአዲስ ፓተንት ስለሚታሰር የአንዱ ዓይነት ለሌላው አይገጥምም። በ1921 የተከፈተው በር በዚህ መንገድ ተመልሶ ተዘጋ። የአንዱ ካርትሪጅ ራስ ዋጋ ብዙ ምላጭ ይገዛል፤ በአነስተኛ ከተማ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ዛሬ ያገኙትን ዓይነት በሚቀጥለው ወር ላያገኙት ይችላሉ።

ስለ ቆዳው ነገርም ምክንያት አለ። በካርትሪጁ ላይ ፊተኛው ስለት ፀጕሩን ሲጐትት ኋለኛው ከቆዳ በታች ይቈርጠዋል ተብሎ ነው የሚሸጠው። ለዘለለ ፀጕር ይህ ምቾት ሊሆን ይችላል። የእኛ የብዙዎቻችን ጺም ግን ከርዳዳ ስለሆነ፣ ከቆዳ በታች የተቈረጠው ሲያድግ ተጠምዝዞ መልሶ ቆዳውን ይወጋል፤ ሽፍታው የሚመጣው ከዚህ ነው። አንዷ ምላጭ ከቆዳው ገጽ ላይ ቈርጣ ታልፋለች። እኔም ከካርትሪጅ ወደ ብረት መላጫ ከዞርሁ ወዲህ ያየሁት ይህንኑ ነው። እጅ ግን መማር አለበት። ጺሙ በሙቅ ውኃና በሳሙና በሚገባ ይራስ፤ መላጫው ከፊት ጋር 30 ዲግሪ ያህል ይዘንብል፤ ፀጕሩ በሚያድግበት አቅጣጫ አጭር አጭር እየተደረገ ይሳብ። ዋናው ነገር አለመጫን ነው። የካርትሪጁ ፕላስቲክ መጫንን ያስለምዳል፤ ብረቱ ግን በክብደቱ ብቻ ይሠራል፤ የተጫነው ሰው ደሙን ያያል።

የፀጕር አስተካካዮቻችን ጕዳይም ከዚህ አይለይም። አንድ ምላጭ ለብዙ ሰው ማገልገሉ የኤች አይ ቪና የጉበት በሽታ መተላለፊያ መሆኑ ከታወቀ ወዲህ፣ ደንበኛው እያየ ከወረቀቱ የሚወጣ አዲስ ምላጭ ይጠበቃል። ርካሽ ባይሆን ኖሮ ይህን መጠየቅ ባልተቻለም። ፔይንተር ለትርፍ ብሎ የመከረው መጣል እዚህ ላይ ሰውን ከበሽታ የሚጠብቅ ሆኗል።

የቅርጹ ነገር ከሁሉ ይልቅ ያስደንቀኛል። የዛሬዋ ምላጭ ውፍረቷ 0.1 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በመካከሏ ያለው ቀዳዳ የመጀመሪያውንም ሆነ የ1930ውን መያዣ እንዲቀበል ተደርጎ የተቀረጸ ነው። ስለዚህ በ1904 በቦስተን የተሠራ መላጫ ብሎኑ ካልዛገ ዛሬ የተገዛ ምላጭ ይገጥምለታል። ከመቶ ዓመት በላይ መለዋወጫው ያልጠፋ መሣሪያ በሙያችን ውስጥ ጥቂት ነው።

የሚጣለው ምላጭ የት እንደሚወድቅ ጂሌትም ፔይንተርም በቅጡ ያሰቡበት አይመስልም። በአሜሪካ በአንድ ወቅት ከመታጠቢያው በላይ ባለው ሣጥን ጀርባ ጠባብ ቀዳዳ እየተበጀ፣ የዶለዶመው ምላጭ ሁሉ ወደ ግድግዳው ውስጥ ይጣል ነበር። ዛሬ አሮጌ ቤት የሚያፈርሱ ሠራተኞች ከግድግዳው ውስጥ የዛገ የምላጭ ክምር ያገኛሉ። ሕፃናት ባዶ እግራቸውን በሚሮጡበት፣ ከብትም ቆሻሻ በሚለቃቅምበት አገር ይህ አያዋጣም። ክዳኑ የተበየደ ወይም በሚገባ የተጣበቀ የቆርቆሮ ጣሳ ወስዶ፣ ምላጭ ብቻ የምታስገባ ስንጥቅ በክዳኑ ላይ በመጋዝ መክፈት ይበቃል። የአንድ ሰው ምላጭ እንዲህ ያለውን ጣሳ ለመሙላት ብዙ ዓመት ይፈጅበታል።